የሬስቶራንት ቺሊ፦ ቦሎቄውን ወደድነው፣ ጨዉ ግን አስቸገረን

አባቴ ደም ግፊት አለባቸው። ሐኪማቸው «ጨው ይቀንሱ፣ ፋይበር ይጨምሩ» ካለቻቸው ጀምሮ ውጭ ስንበላ ሜኑ የማነበው እኔ ነኝ። ቅዳሜ ቅዳሜ የምንሄድበት ቤት የቤተሰብ ሬስቶራንት የሚሉት ዓይነት ነው፤ ብዙ ቅርንጫፍ ያለው፣ ቁርስም ምሳም እራትም የሚገኝበት። ስሙን አልጠራም፤ የማነሳው ነገር የእሱ ቤት ብቻ ችግር አይደለም። እዚያ አባቴ የወደዱት አንድ ምግብ አለ፤ ሥጋና ቦሎቄ ያለው ቺሊ፣ ማለትም በቲማቲም፣ በቃሪያና በከሙን የሚሠራ የአሜሪካኖች ወጥ። «ልጄ፣ ይኼ ለስላሳ ነው፤ ጥርሴን አያስቸግረኝም» አሉኝ መጀመሪያ የቀመሱት ቀን። ከዚያ ወዲህ ሌላ ነገር አዘው አያውቁም።

ስለዚህ ይህን ቺሊ በደንብ አውቀዋለሁ። በኩባያ አዘነዋል፣ በትልቁ ጎድጓዳ ሳህን አዘነዋል፣ ቤት ወስደንም በማግስቱ በልተነዋል። አንድ ቀን ደግሞ የተረፈውን በወንፊት አጥልዬ ቦሎቄውን ለብቻ፣ ሥጋውን ለብቻ አድርጌ አይቼዋለሁ። ሌላ ሰው አድካሚ ነገር ነው ይላል፣ እኔ ግን አባቴ በየሳምንቱ የሚበሉትን ነገር ማወቅ ነበረብኝ።

ጣዕሙን ቶሎ ልጨርስ። ይጣፍጣል። ወፍራም ነው፣ ማንኪያ ላይ አይፈስም። ከሙኑ ገና ሳህኑ ጠረጴዛ ላይ ሳያርፍ ያውዳል። ቲማቲሙ ኮምጠጥ ይላል፣ ማቃጠሉ ደግሞ ለልጅ እንኳ የሚሆን ነው። ቦሎቄው ቅርጹን እንደያዘ ነው፣ አፍ ውስጥ ሲገባ ግን እንደ ቅቤ ይሟሟል። ቅር ያለኝ ሥጋው ነው። በጣም ስለደቀቀ አንዳንዱ ማንኪያ ላይ ከመረቅና ከቦሎቄ በቀር ምንም የለም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ላንሳ። ቺሊ የቴክሳስ ምግብ ነው፤ የግዛቲቱ ምክር ቤት በ1977 እ.ኤ.አ. የቴክሳስ ኦፊሴላዊ ምግብ ብሎ ሰይሞታል። እዚያ ያሉ አጥባቂዎች ቦሎቄ የገባበትን ቺሊ ቺሊ ብለው አይጠሩትም። በአንዳንድ ትልልቅ የቺሊ ውድድሮች ላይም ወጡ ውስጥ ቦሎቄ መጨመር ክልክል ነው። ወጋቸውን አከብራለሁ። ለጤና ከሆነ ግን፣ ከዚህ ሳህን ውስጥ አንድ ነገር አውጪ ብባል የማወጣው ሥጋውን እንጂ ቦሎቄውን አይደለም።

ምክንያቱን ልንገራችሁ። የተቀቀለ ቀይ ቦሎቄ 100 ግራም ብትመዝኑ 127 ካሎሪ ገደማ፣ ወደ 9 ግራም ፕሮቲን፣ ከ6 ግራም በላይ ፋይበር ታገኛላችሁ። ስቡ ግማሽ ግራም አካባቢ ነው፣ ኮሌስትሮል የሚባል ነገር የለውም። አሜሪካ ውስጥ በምግብ መለያ ላይ የቀን ፋይበር ተብሎ የሚወሰደው 28 ግራም ነው፤ አብዛኛው ሰው እዚያ አይደርስም። ከሜኑው ላይ ሌላ ምን ፋይበር ይገኛል ብላችሁ ፈልጉ። በርገሩ ላይ? የተጠበሰው ዶሮ ላይ? ነጩ ዳቦ ላይ? ይኸው ነው፤ በዚያ ቤት አንድ ሰው ሳይቸገርና ሰላጣ ብቻ ሳይበላ እውነተኛ ፋይበር የሚያገኝበት ምግብ ቺሊው ነው። ፖታሲየምና ፎሌት የሚባለው ቫይታሚንም ቦሎቄው ውስጥ በደንብ አሉ።

ሥጋው ደግሞ ቦሎቄው የሌለውን ያመጣል። ቫይታሚን ቢ12 ከቦሎቄ አይገኝም፣ ከሥጋ ይገኛል። ዚንክም ከሥጋ ሲሆን ሰውነት በቀላሉ ይወስደዋል። ከሁሉ የወደድኩት ግን የብረቱ ነገር ነው። ቦሎቄ ብረት አለው፣ ነገር ግን ሰውነታችን የሚወስደው ጥቂቱን ነው፤ ፋይቴት የሚባል ነገር ይይዝበታል። ያው ቦሎቄ ከሥጋ ጋር ሲበላ፣ ወይም ቫይታሚን ሲ ካለው ነገር ጋር ሲበላ፣ የሚገባው ብረት ይጨምራል። ቺሊ ውስጥ ሥጋም አለ፣ ቲማቲምም ቃሪያም አለ። ቫይታሚን ሲው ረጅም ሰዓት ሲበስል ይቀንሳል እርግጥ ነው፣ ለዚህ ነው እኔ ከላይ ጥሬ ቲማቲምና ቃሪያ ከትፈው እንዲጨምሩልን የምጠይቀው። የቲማቲሙ ቀይ ነገር፣ ላይኮፒን የሚሉት፣ ደግሞ በተቃራኒው ነው፤ ሲበስልና ትንሽ ስብ ሲያገኝ ሰውነት የተሻለ ይወስደዋል። ይህን ሁሉ አንድ ማንኪያ ላይ አንድ ላይ ማግኘት ቀላል ነገር አይደለም።

አሁን ወደ ስቡ። ሜኑው «የተፈጨ የበሬ ሥጋ» ብሎ ያልፋል። ምን ዓይነት የተፈጨ ሥጋ እንደሆነ ግን ትልቅ ልዩነት ያመጣል። 20 በመቶ ስብ ያለው ጥሬ ሥጋ 100 ግራሙ 254 ካሎሪ ነው። 10 በመቶ ስብ ያለው ወደ 176 ይወርዳል፣ ፕሮቲኑ ደግሞ ከፍ ይላል። በሳህኑ ላይ ስታዩት ሁለቱን መለየት አትችሉም፤ ሁለቱም ቡናማ ፍርፋሪ ናቸው።

እኔ የለየሁት በፍሪጅ ነው። አንድ ቅዳሜ አባቴ አልጨርስም ሲሉ የቀረውን ግማሽ ሳህን በዕቃ አስደርገን ወሰድነው። ማታ ፍሪጅ አስገባሁት። ጠዋት ክዳኑን ስከፍተው ከላይ ብርቱካናማ ሽፋን ሠርቷል፣ ልክ እንደ ቀጭን ሻማ። የቃሪያው ቀለም በስብ ስለሚሟሟ ነው እንዲያ የሚሆነው፤ ስቡ ወደ ላይ ሲወጣ ቀለሙን ይዞ ይወጣል። በማንኪያ ጫፍ ስነካው ቀጭ ብሎ ተሰበረ። እያነሳሁ በሾርባ ማንኪያ ሰበሰብኩት፣ አንድ ማንኪያ ሙሉ ሆነ። አንድ የሾርባ ማንኪያ ስብ ከ110 እስከ 120 ካሎሪ ነው። ያ ከግማሽ ሳህን የወጣ ነው። ከዚያም ውስጥ ቀላል የማይባለው ድርሻ ሳቹሬትድ የሚባለው፣ ሲቀዘቅዝ የሚረጋው ስብ ነው። ሽፋኑን ጥዬ የቀረውን ሳሞቀው አባቴ የጣዕም ልዩነት እንዳለው እንኳ አላወቁም። «ዛሬ ደግሞ ይበልጥ ጥሩ ሆኗል» አሉ። ስለዚህ ቤት ወስዳችሁ የምትበሉ ከሆነ ይህቺን አትለፉ፤ አንድ ማንኪያና አንድ ሌሊት ነው የምትፈልገው።

ጨዉ ግን እንዲህ በማንኪያ አይነሳም።

በዚህ ግምገማ ላይ አንድ ነገር ብቻ የምታነቡ ከሆነ ይህንን አንብቡልኝ። መጀመሪያ ሜኑውን ሳይ ዓይኔ የሄደው ካሎሪው ላይ ነበር። ትልቁ ሳህን ከ400 ካሎሪ በታች ነው። አጠገቡ ያሉት ምግቦች የዚያን ሁለት እጥፍ፣ ሦስት እጥፍ ናቸው። ደስ አለኝ፣ «በቃ፣ የአባቴን ምግብ አገኘሁ» ብዬ ሜኑውን አጠፍኩት። ሁለት ወር ሙሉ በዚያ ሐሳብ ኖርኩ። ከዚያ አንድ ቅዳሜ ማታ አባቴ ሦስት ጊዜ ውኃ ለመጠጣት ሲነሱ ሰማሁ። ጠዋት ደም ግፊታቸውን ስለካ ከተለመደው ከፍ ብሏል። አንድ ቀን ነው፣ በአንድ ልኬት ምንም ማለት አይቻልም፣ ሌላ ምክንያትም ሊኖረው ይችላል። እኔን ግን አነቃኝ።

በሚቀጥለው ሳምንት አስተናጋጇን የሶዲየሙን፣ ማለትም ጨው ውስጥ ያለውን ደም ግፊት የሚያስነሳውን ንጥረ ነገር፣ መጠን ጠየቅኳት። አታውቅም። በእሷ አልፈርድም፣ ማንም አልነገራትም። ግን መረጃው መኖር እንዳለበት አውቅ ነበር። አሜሪካ ውስጥ በአንድ ስም 20 እና ከዚያ በላይ ቅርንጫፍ ያለው ሬስቶራንት ከግንቦት 2018 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ካሎሪውን ሜኑው ላይ መጻፍ ግዴታው ነው። ሌላውን፣ ማለትም ጠቅላላ ስቡን፣ ሳቹሬትዱን፣ ኮሌስትሮሉን፣ ሶዲየሙን፣ ፋይበሩን፣ ስኳሩን፣ ፕሮቲኑን ደግሞ ደንበኛ ሲጠይቅ በጽሑፍ ማቅረብ አለበት። ይህን በትሕትና ስነግራት ሥራ አስኪያጁን ጠራችልኝ። እሱም ከሃያ ደቂቃ በኋላ ጠርዙ የተበላ፣ በፕላስቲክ የተለበጠ ወረቀት ይዞ መጣ። የአባቴ ቺሊ ቀዝቅዞ ነበር።

ወረቀቱ ላይ የትልቁ ሳህን ሶዲየም ከ1000 ሚሊግራም በላይ ነው።

ይህ ምን ማለት እንደሆነ ላስረዳ። አንድ የሻይ ማንኪያ ጨው 2300 ሚሊግራም ገደማ ሶዲየም አለው፣ የአሜሪካ የምግብ መመሪያም ለአዋቂ ሰው በቀን ከዚያ አትለፉ ይላል። የዓለም ጤና ድርጅት ከ2000 በታች አድርጉት ይላል። የአሜሪካ የልብ ማኅበር ደግሞ ለአብዛኛው አዋቂ፣ በተለይ ደም ግፊት ላለበት ሰው፣ 1500 ቢሆን ይሻላል ባይ ነው። እንግዲህ አስሉት። አባቴ አንድ ሳህን ምሳ በልተው የቀናቸውን ሁለት ሦስተኛ ጨርሰዋል። ቁርሱ፣ እራቱ፣ ዳቦው ገና አልተቆጠረም።

ችግሩ ደግሞ ምላስ አይነግራችሁም። የቲማቲሙ ኮምጣጣነት፣ የቃሪያው ማቃጠል፣ ከሙኑ፣ ሁሉም ጨዉን ይደብቁታል። አባቴ «ጨው የለውም እኮ» ብለው የጨው ዕቃውን ሊያነሱ የነበረ ቀን አለ። ጨዉ ከአንድ ቦታ አይመጣም፣ በየበሩ ነው የሚገባው። የታሸገ ቲማቲም ጨው አለው። የታሸገ ቦሎቄ ጨው አለው። ቺሊ ፓውደር ብለው የሚሸጡት ቅመም ንጹሕ የቃሪያ ዱቄት አይደለም፣ ከሙንና ነጭ ሽንኩርትና ኦሬጋኖ የተቀላቀለበት ነው፣ ብዙ ጊዜም ጨው ይገባበታል። የሥጋ መረቅ ማጣፈጫው ደግሞ ግማሽ ያህሉ ጨው ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ምግብ አብሳዩ ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው ቀምሶ «ትንሽ ጨው ይጎድለዋል» የሚለው።

ኒው ዮርክ ከተማ ከ2015 መጨረሻ እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሜኑ ላይ የጨው ዕቃ ምልክት አስገዳጅ አድርጋለች። ጥሩ ነገር ነው፣ ብዙ ከተማ ቢከተላት ደስ ይለኛል። ግን ምልክቱ የሚለጠፈው አንዱ ምግብ ብቻውን 2300 ሚሊግራምና ከዚያ በላይ ሲሆን ነው። እንደኛ ቺሊ ያለው፣ 1000 አልፎ 2300 ያልደረሰው፣ ምልክት ሳይኖረው ያልፋል። ምልክት አጣሁ ብላችሁ አትረጋጉ።

ፍትሐዊ ልሁን። በቦሎቄውና በቲማቲሙ ውስጥ ያለው ፖታሲየም ኩላሊት ሶዲየምን እንዲያስወግድ ይረዳል፣ ስለዚህ የቺሊ ጨውና የተጠበሰ ድንች ጨው አንድ ናቸው አልልም። ሆኖም ያንን ሁሉ ጨው ያጠፋዋል ማለት አይደለም። ኩላሊቱን የሚያመው ወይም ፖታሲየም የሚጨምር የደም ግፊት መድኃኒት የሚወስድ ሰው ደግሞ ፖታሲየሙንም ከሐኪም ጋር መነጋገር አለበት። እኛ ጠይቀናል።

ከላይ ስለሚጨመሩት ነገሮች ባጭሩ። የተፈቀፈቀው ቼዳር ቺዝ 28 ግራሙ 115 ካሎሪ ያህል ነው፣ 9 ግራም ስብ፣ ወደ 180 ሚሊግራም ሶዲየም። አንድ ጥሩ እፍኝ ማለት ነው፤ ይህ ቤት ደግሞ እፍኙ ለጋስ ነው። ሳወር ክሪሙ (ኮምጣጣው ክሬም) ሁለት የሾርባ ማንኪያ ሲሆን 60 ካሎሪ ገደማ። ጨዋማዎቹ ክራከሮች (ደረቅ ብስኩቶቹ) አምስቱ እንዲሁ 60 እስከ 70። አንድ በአንድ ሲታዩ ምንም አይመስሉም፣ አንድ ላይ ሲደረደሩ ግን መጀመሪያ ያስደሰተኝን ዝቅተኛ ካሎሪ ይዘውት ይሄዳሉ። ሜኑው ላይ ያለው ቁጥር እነዚህን ይቁጠር አይቁጠር ደግሞ ጠይቁ። እኛ የምንሄድበት ሬስቶራንት አይቆጥርም፤ ወረቀቱ ላይ ለየብቻ ነው የተጻፉት። ዳቦ ተቦርቡሮ ውስጡ የሚቀርበውን ቺሊ በተመለከተ፣ ልጆች ይወዱታል፣ ለአባቴ ግን አላዝዘውም፤ ዳቦውም የራሱ ጨው አለው።

ስለ ሆድ መነፋትም ብዙ ሰው ስለሚጠይቀኝ ልበል። ቦሎቄ ውስጥ ራፊኖዝ የሚባሉ ዓይነት ስኳሮች አሉ፣ ትንሹ አንጀታችን አይፈጫቸውም፣ ትልቁ አንጀት ውስጥ ያሉ ባክቴሪያዎች ናቸው የሚበሏቸው፣ ጋዙም ከዚያ ነው። ፋይበር ያልለመደ ሰው በአንድ ጊዜ ትልቁን ሳህን ባያዝ ይሻላል። በኩባያ ይጀምር፣ ውኃ ይጠጣ። አባቴ መጀመሪያ ሰሞን ተቸግረው ነበር፣ ከሦስት አራት ሳምንት በኋላ ለመዱት።

ቤት ልሥራው ካላችሁ ሁለት ነገር ብቻ። በታሸገ ቦሎቄ ከሆነ አጥልሉትና በደንብ እጠቡት፤ ይህ ብቻውን የቦሎቄውን ሶዲየም ወደ 40 በመቶ ይቀንሳል። በደረቅ ቦሎቄ ከሆነ ደግሞ ዘፍዝፋችሁ አሳድሩት፣ ውኃውን ድፉት፣ በአዲስ ውኃ ለ30 ደቂቃ እየተንተከተከ አፍሉት። ጥሬ ቀይ ቦሎቄ ሌክቲን የሚባል መርዝ አለው፤ በደንብ ካልፈላ ክፉኛ ያስመልሳል፣ ያስቀምጣል። በተለይ በዝግታ የሚያበስለው የኤሌክትሪክ ድስት ውስጥ ሳታፈሉ በቀጥታ አትጨምሩት፤ ሙቀቱ መርዙን ለማጥፋት አይበቃም።

የሬስቶራንቱም ቦሎቄ ታጥቦ እንደሆነ ጠይቄ ነበር። ሥራ አስኪያጁ በቅንነት መለሰልኝ፤ ቺሊው በስሎ፣ ቀዝቅዞ፣ በከረጢት ታሽጎ ነው የሚመጣላቸው፣ እነሱ ማሞቅ ብቻ ነው ሥራቸው። «ጨው ቀንሱልኝ» ማለት እዚያ ቤት ትርጉም የለውም ማለት ነው። ጨዉ የሚወሰነው ሌላ ከተማ ባለ ኩሽና ነው። ለዋናው መሥሪያ ቤት ጻፍኩላቸው፤ ሶዲየሙን ከካሎሪው ጎን ሜኑው ላይ አስቀምጡት፣ ከቻላችሁም ቀንሱት ብዬ። አመሰግናለሁ የሚል መልስ መጣ፣ ሌላ ነገር የለውም። እንደገና እጽፋለሁ።

ከአምስት ስንት ትሰጪዋለሽ ካላችሁኝ፣ ለጣዕሙ አራት፣ ለቦሎቄውና ለፕሮቲኑ አምስት፣ ለጨዉ ሁለት እሰጠዋለሁ። መረጃ ለመስጠት ደግሞ ሁለት፤ ወረቀቱ ከነጭራሹ አለመጥፋቱን አይቼ ነው እንጂ አንድ ነበር።

ቺሊውን ግን አልተውነውም። አሁን የምናዘው እንዲህ ነው፦ አንድ ትንሽ ኩባያ ቺሊ፣ አንድ በምድጃ የተጠበሰ ድንች ያለ ቅቤና ያለ ጨው፣ የተከተፈ ቲማቲምና ቃሪያ በጎን። ክራከሩ ከነከረጢቱ ይመለሳል። ድንቹን ሁለት ላይ እከፍተዋለሁ፣ ቺሊውን ከላይ አፈስበታለሁ። ድንቹ ምንም ጨው ስለሌለው ያው ትንሽ ቺሊ ሰፋ ይላል፣ መረቁን ይጠጣል፣ አባቴም ይጠግባሉ። ባለፈው ቅዳሜ ሹካቸውን አስቀምጠው «ይኼኛው ከበፊቱ ይሻላል፣ ግን አንድ ማንኪያ ቺሊ ጨምሪልኝ» አሉኝ። ከራሴ ኩባያ ጨመርኩላቸው።